የጠፉት ላሞች ቦታ

ባለፈው ሐምሌ አባቴን ልጠይቅ ስሄድ ከቆቦ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሮቢት ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን ቆመ። ከተራራው የወረደ ጎርፍ አስፋልቱን ሞልቶ ወደ ምሥራቅ ያልፋል። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ "እስኪያልፍ ነው እንግዲህ" አለና ወንበሩን ወደ ኋላ ለጠጥ አደረገው። ተሳፋሪው እያጉረመረመ ወረደ፤ እኔም ወረድኩ። ያን ጊዜ ነው ሽታው የመጣው። ዝናብ የነካው አፈር ሽታ አይደለም፤ እሱን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ይሄ የደለል ሽታ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ ከበድ ያለ፣ አዲስ ማሰሮ ውስጥ ያደረ ውሃ ዓይነት። አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። እኔ ደግሞ፣ ሳልዋሽ ልንገራችሁ፣ ምራቄን ዋጥኩ።

አፈር ያማረኝ አርግዤ አይደለም። እንዲህ ያደረጉኝ አያ ሁሴን ናቸው፣ አላህ ይዘንላቸውና።

አራተኛ ክፍል ነበርኩ። የማሽላ አጨዳ በተጀመረበት ሰሞን አንድ የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ መኪና መጥቶ ከሰፈራችን ጥግ፣ ከአያ ሁሴን ደጅ አለፍ ብሎ ካለው ሜዳ ላይ ቆመ። አባቴ ሞላ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ይሄ ለእኛ ቤት ምን ማለት እንደነበር ካልነገርኳችሁ ቀሪው ወሬ አይገባችሁም። አባቴ በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሩቅ ቆላ ይሄዳል። ሲመለስ ወባ አጥንቱን ልሶት፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነው። ከርሞ እስኪያገግም የእናቴ ሥራ እሱን አጥሚት ማጠጣት ነበር። እኔ አባቴን የማውቀው በግማሽ ዓመት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። በዚያ ዓመት ግን የቁፋሮ ሥራ ሊመጣ ነው ሲባል ቀረ። ጉድጓዱ ጥሩ ውሃ ከሰጠ ደግሞ ፓምፑን የሚጠብቅ ቋሚ ሰው ይፈለጋል ተብሏል። እናቴ ማታ ማታ "እመቤቴ፣ ያን ውሃ አውጪልን" ስትል ለውሃው ብላ እንዳልሆነ እኔም አውቅ ነበር።

ለአባቴ አንድ ካኪ ካፖርት ሰጡት። በዚያ በራያ ሙቀት ካፖርት! እጅጌው ጣቱን ይሸፍናል፤ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይንቆረቆራል፤ እሱ እቴ፣ አያወልቀውም። "አባዬ አይሞቅህም?" ስለው "ዘበኛ ነኛ" ይለኛል። መልሱ ይሄው ነው።

የእኔ ሥራ ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ቀትር ላይ ለአባቴ ምሳ ማድረስ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከእናቴ ጋር ዘር መለየት ነበር። ለዘር የሚቀመጠው የማሽላ ራስ ከሌላው ይመረጣል፤ ከዚያ ደጋሊት የሚባለው ከደጋሊት፣ ጅጉርቲ የሚባለው ከጅጉርቲ፣ ቀዩ ከቀዩ ጋር ይከመራል። እናቴ የተደባለቀ ዘር ማየት አትችልም። የተደባለቀ ዘር ያለበት ቤት የሰነፍ ቤት ነው ብላ ታምናለች። እኔ ደግሞ ዓይኔ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነበር። ጎረቤቶች ሳይቀሩ "እስቲ ዝናሽን ላኪልን" እያሉ ያስጠሩኝ ነበር። ጉራዬም በዚያው ልክ ነው፤ በመንገድ ስሄድ የሰውን ክምር በዓይኔ እየለየሁ ነበር የማልፈው።

ወደ ማሽኑ ልመለስ። ብሩክ የሚባል ወጣት ኢንጂነር አብሮ መጥቶ ነበር፤ ጂኦሎጂስት ነው ይሉታል፤ ለእኛ ግን መነጽር ያደረገ ሁሉ ኢንጂነር ነው። በመጀመሪያው ቀን ለተሰበሰበው ሰው፣ ከታች የሚወጣው ውሃ ምናልባት ቅድመ አያቶቻችን ሳይወለዱ የዘነበ ዝናብ ሊሆን ይችላል ብሎ አስረዳ። ሰው ሁሉ "ወይ ጉድ" አለ። እኔ ግን ደነገጥኩ። እናቴ እኮ እንስራ ውስጥ ሦስት ቀን የቆየ ውሃ ትደፋለች። ይሄን የከረመ ውሃ ሊያጠጡን ነው ብዬ ማታ ለእናቴ ነገርኳት፤ ሳቀችና "አንቺ ብቻ ጠጪው ሲወጣ" አለችኝ።

ኢንጂነሩ በሁለተኛው ቀን ወባ ጣለውና ቆቦ ወሰዱት። ቁፋሮው ግን ቀጠለ። ማሽኑ አፈር ይተፋል፤ ሠራተኞቹ በየሁለት ሜትሩ ከሚወጣው አንድ አንድ ሰሃን እያፈሱ ትልቅ ሸራ ላይ ይከምራሉ፣ አንዱን ከአንዱ ጎን። ረድፉ ሲሞላ ከሥሩ ሌላ ረድፍ ይጀምራሉ። እኔ የማሽላ አገር ልጅ፣ ይሄን ሳይ ምን መሰለኝ? እንዲደርቅ ያሰጡት! ለምን አፈር እንደሚያደርቁ አልጠየቅኩም፤ ትልልቅ ሰዎች የሚያደርጉትን ያደርጋሉ። አባቴም የተነገረው ማሽኑን፣ ናፍጣውንና ቧንቧውን እንዲጠብቅ ነው። አፈር ጠብቅ ያለው ሰው የለም።

አያ ሁሴንን በቅርብ ያወቅኳቸው እዚያው ነው። ድሮ በእጅ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበሩ። ከጎብዬ እስከ ዋጃ ድረስ የእሳቸው እጅ ያልገባበት ጉድጓድ ጥቂት ነው ይባላል። አንዱ ተደርምሶባቸው ቀኝ እግራቸውን ያነክሳሉ። በየቀኑ ትንሽ በርጩማ ይዘው ይመጡና ማሽኑ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አዲስ አፈር በወጣ ቁጥር "ቢስሚላህ" ብለው በሁለት ጣታቸው ቆንጠር ያደርጉና አፋቸው ውስጥ ይከቱታል። ያመነዥኩታል፤ ያስባሉ፤ ከዚያ ዞር ብለው ይተፉታል።

እኔ ይሄን ሳይ አዘንኩ። ርቧቸው ነው፤ ልጅም የላቸው፤ ሽማግሌ አፈር እየበላ ሰው ዝም ብሎ ያያል? በማግሥቱ ከአባቴ ምሳ ላይ ግማሽ ቂጣ ቆርሼ በጨርቅ ጠቀለልኩና ሄድኩ።

"አያ ሁሴን፣ አፈር ከሚበሉ ይቺን ይብሉ" አልኳቸው።

እስኪያስላቸው ሳቁ። ቂጣውን ግን ተቀበሉኝ፤ ግማሹን ለእኔው መልሰው ጎናቸው አስቀመጡኝ። "የማን ልጅ ነሽ አንቺ?"

"የሞላ፤ የዘበኛው።"

"በይ የዘበኛው ልጅ፣ አፍሽን ክፈቺ" አሉና ቅንጣት ታክል አፈር ምላሴ ላይ አደረጉልኝ። "ዓይን ይዋሻል። እርጥብ ሁሉ ጥቁር ይመስላል። ጥርስ ግን አይዋሽም። ያንገጫገጭሻል?"

"ኧረ አያንገጫግጭም፤ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ።"

"እሱ ሸክላ ነው። ውሃ አያሳልፍም። ከመሄዱ የተነሳ ደክሞት፣ ቆሞ የተኛ ውሃ ውስጥ ነው ሸክላ የሚወርደው። የሚያንገጫግጨው አሸዋ ነው፤ እሱን ያመጣው ሩጫ ላይ ያለ ወንዝ ነው። ውሃ የምታገኚው አሸዋው ውስጥ ነው።" ውሃ ሲሉ ደስ ካላቸው በኦሮምኛ "ቢሻን" ነበር የሚሉት፤ ያደጉበት አጠራር ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አፈር ቀማሽ ሆንኩ። እናቴ ጥርሴ ላይ ጭቃ እያየች ኮሶ ልታጠጣኝ ስትዝት ከረመች።

በዚያው ሰሞን ነው ላሞቹን የጀመርኩት። ምሳ ሳደርስ ከዕለቱ አፈር እፍኝ እወስድና አንድ ላም እሠራለሁ፤ በቀን አንድ። የመጀመሪያው ቀን ጭቃ ቀላ ያለ ነበር፤ ቀይ ላም ወጣው። የሁለተኛው ቀን ግራጫ ነው። በሦስተኛው ቀን የወጣው ግን አሸዋ ስለነበር ብጨምቀው፣ በምራቄ ባርሰው እምቢ አለኝ። በአራተኛው ቀን ቢጫ ላም ሠራሁ፤ አምስተኛውና ስድስተኛው ቀን ደግሞ አሸዋና ጠጠር። ሰባተኛው ቀን ነጣ ያለ፣ ስምንተኛው ቀን ጥቁር። አምስቱን ላሞች ከአጥራችን ሥር ባለው የድንጋይ ካብ ላይ በተወለዱበት ተራ ደረደርኳቸው። አሸዋ ለወጣባቸው ቀኖች ቦታቸውን ባዶ ተውኩላቸው። የእኔ ሐሳብ፣ እነዚያ ላሞች ግጦሽ ወጥተው ጠፍተዋል፤ ሲመለሱ ቦታቸውን ሌላ ይዞባቸው እንዳያገኙት ነው።

አያ ሁሴን አንድ ቀን ሊያዩዋቸው መጡ። በትራቸውን ተደግፈው ረጅም ጊዜ አዩ።

"የትኛዋ ናት ታላቂቱ?"

ቀዩዋን አሳየኋቸው። "መጀመሪያ የወጣችው እሷ ናት።"

"አይደለችም" አሉኝ። "ጥቁሯ ናት። አንቺ ቤት ማታ አልጋ ስታነጥፉ ከሥር ያለው መጀመሪያ የተነጠፈው አይደለም? መሬትም እንደዚያው ነው። ቀዩዋ ትላንት የመጣች ናት፤ ጥቁሯ የሁሉም አያት ናት። ማሽኑ ወደ ታች በገባ ቁጥር ወደ ድሮ ነው የሚሄደው።" ከዚያ ባዶውን ቦታ በበትራቸው ጫፍ ጠቆሙ። "ይሄስ የማን ነው?"

"የጠፉት ላሞች ነው።"

"እንዳትዘጊው" አሉኝ፤ አልሳቁብኝም። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያሳፍረኝ ነበር። እስከ ዛሬ ይሄን አልረሳላቸውም።

በሰንበት ማሽኑ ሲያርፍ ጎርፍ ወደ ቆረጠው ገደል ወሰዱኝ። የገደሉ ግድግዳ ከእሳቸው ቁመት እጥፍ ይሆናል፤ ሽንትር ሽንትር ያለበት ነው፤ ቡናማ፣ ግራጫ፣ እንደገና ቡናማ። ሰው የቀባው መስሎኝ ማን እንደቀባው ጠየቅኋቸው። "ክረምት" አሉኝ። ወፈር ያለውና ጠጠር የበዛበት መስመር ኃይለኛ ጎርፍ የመጣበት ነው፤ ሳሳ ያለው ዝናብ የራቀበት ነው። ከሥር አንድ ነጭ መስመር ነበር። ከውስጡ በጥፍራቸው ፈልፍለው የምስር ፍሬ የምታክል ቀንድ አውጣ መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

"ይሄ ሁሉ ሜዳ ባሕር ነበር" አሉኝ፤ በእጃቸው ማሽላውንም፣ አስፋልቱንም፣ የሮቢትን ቆርቆሮ ቤቶችም ጠቅልለው እያሳዩ።

"ማን ነገረዎት? አያትዎ ናቸው?"

"አያቴም አላየ፣ የአያቴም አያት አላየ። የነገረችኝ እሷ ናት" አሉና ቀንድ አውጣዋን ጠቆሙኝ። "ይቺ ደረቅ ላይ አትኖርም። እሷ እዚህ ካለች ውሃው እዚህ ነበር። ያኔ ሌላ ምስክር ምን ያደርጋል?"

ወደ ምዕራብ የላስታን ተራሮች፣ ወደ ምሥራቅ ዞብልን አሳዩኝ። መሐሉ ድሮ የሰመጠ ጉድጓድ ነው አሉኝ፤ ወንዞቹ ከተራራው አፈርና ድንጋይ እየተሸከሙ ሲሞሉት፣ ሲሞሉት፣ እንዲህ ሜዳ ሆነ። "እኛ የምንኖረው በላስታ ላይ ነው፤ ላስታ ወርዶ እዚህ ተኝቶልሻል።" ይሄ ነገር በጣም ገረመኝ። እናቴ የላስታ ልጅ ናት። ደጋው በትዝታ ሲመጣባት ታለቅሳለች፤ ከአገሯ ከወጣች ጀምሮ ተመልሳ አላየችውም። እንደ እንቁላል የለሰለሰ ጥቁር ጠጠር ለቀምኩና ቤት ስደርስ ሰጠኋት። "እማዬ፣ መሄድ አያስፈልግሽም፤ አገርሽ ራሱ እየመጣ ነው" አልኳት። ጠጠሩን ይዛ ቆመች። ከሣጥኗ ውስጥ ከነጠላዋ ጋር ስታስቀምጠው አየሁ።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ።

ቁፋሮው በስምንተኛው ቀን ቀትር ላይ አለቀ። ሦስት ቀን ቆይቶ ደግሞ፣ ነገ ኢንጂነሩ ከሕመሙ ተነሥቶ ከሁለት አለቆች ጋር ይመጣል ተባለ። ሠራተኞቹ ለማረፍ ሮቢት ሄዱ። አባቴ እንግዳ ሊመጣ ነው ብሎ ተጨንቋል። "ዝናሽ፣ እኔ ጀሪካኖቹን ውሃ ላስሞላ ልሂድ፤ አንቺ ግቢውን ጥርግርግ አድርገሽ ቆዪኝ። ሁሉንም ነገር መልክ መልክ አስይዢው፤ የሠራሽው እንዲታይ" አለኝ።

መጥረጉ አፍታም አልፈጀብኝ። ከዚያ ዓይኔ ሸራው ላይ አረፈ። ስልሳ ምናምን የአፈር ክምር፣ ነጩ ከጥቁሩ፣ አሸዋው ከሸክላው ጎን፣ ጭራሽ የተደባለቀ ዘር! እንግዳ መጥቶ ይሄን አይቶ የአባቴን ቤት ምን ሊል ነው? እጅጌዬን ሰበሰብኩ። እያንዳንዷን ክምር በሰሃን እያነሳሁ ቀዩን ከቀይ፣ ግራጫውን ከግራጫ፣ አሸዋውን ከአሸዋ፣ ጠጠሩን ከጠጠር ወሰድኩ። ግራ የገባኝን ቀመስኩት። ደግነቱ ክምሮቹን አንድ ላይ አልደፋኋቸውም፤ ክብ ክብ ሆነው ሲታዩ ደስ ስላለኝ ለየብቻ ነው ያስቀመጥኳቸው። ስጨርስ ወገቤ ተቆርጦ ነበር። ሸራው ግን እንደ እናቴ የዘር መደብ አምሮ ነበር። አባቴ መሽቶበት ተመለሰ፤ ሸራውን አላየውም። እኔም ጠዋት እንግዶቹ ሲያመሰግኑት ይስማ ብዬ ዝም አልኩ።

ጠዋት መኪናው መጣ። ከአጥሩ ጥግ ቆሜ ምስጋናዬን ስጠብቅ፣ ኢንጂነሩ ከስቶ፣ መነጽሩ ፊቱ ላይ ሰፍቶበት ወረደ። ደብተሩን አውጥቶ ወደ ሸራው ሄደ። ቆመ። ወደ አንዱ ጥግ ሄደ፤ ተመለሰ።

"ይሄን ማን ነው የነካው?"

ድምፁ ከፍ አላለም። የቁፋሮ ሠራተኞቹ ፎርማን ሸራውን ሲያይ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። አባቴ ሸራውን አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ።  ምን እንዳጠፋሁ ባላውቅም ማጥፋቴን ከፊቱ አነበብኩ።

"እኔ ነኝ" አለ አባቴ።

"ጋሽ ሞላ፣ ምን ነካዎት? ይሄ እኮ በጥልቀቱ ቅደም ተከተል የተደረደረ ነው። እኔ የጻፍኩት የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ነው። ውሃ የሚያስገባውን ወንፊታም ቧንቧ አሸዋው ትክክል ላይ ነው የምናስገባው፤ አሁን አሸዋው ስንት ሜትር ላይ እንደነበረ በምን ልወቅ? ስቼ ሸክላ ላይ ካስገባሁት ጉድጓዱ ጭቃ ሆኖ ይቀራል።"

ፎርማኑ በየቀኑ ስንት ሜትር እንደቆፈሩ ጽፎ ነበር፤ የትኛው አፈር በየትኛው ቀን እንደወጣ ግን "አሸዋም ነበር፣ ጭቃም ነበር" ከማለት ውጪ አላስታወሰም። ከአለቆቹ አንዱ "እንደዚህ ዓይነት ዘበኛ ይዛችሁ ነው?" አለ። "ይቀየር።"

አባቴ የካፖርቱን ቁልፍ ከላይ ጀምሮ ይፈታ ጀመር። በዚያ ሁሉ ሙቀት አላወልቅም ያለውን ካፖርት፣ አንድ በአንድ። ሰሊጡ፣ ቢጫው ዓይኑ፣ ግማሹ ዓመት ሁሉ ፊቴ ላይ መጣ። እግሬ አውጪኝ ብዬ ሮጥኩ።

አያ ሁሴን ደጃቸው ላይ እየታጠቡ ነበር። እያለቀስኩ ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። ፊታቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና "ላሞችሽ የት ናቸው?" አሉኝ።

"ካቡ ላይ።"

"ተራቸውን ሳትለውጪ በሰፌድ ይዘሻቸው ነይ። ባዶውንም እንደ ባዶነቱ።"

እኔ እየተቻኮልኩ፣ እሳቸው እያነከሱ፤ ያቺ አጭር መንገድ አላልቅ አለችኝ። አባቴ ካፖርቱን አጣጥፎ ክንዱ ላይ ይዞ ቆሟል። አያ ሁሴን ጆሮዬ ሥር ዝቅ ብለው "እኔ አልናገርልሽም። የለየው የአንቺ እጅ ነው፤ አፍሽም የአንቺ ነው" አሉኝ።

ሰፌዱን ወደ ኢንጂነሩ ዘረጋሁ።  "አባዬ አይደለም" አልኩ። "እኔ ነኝ። የተደባለቀ ዘር መስሎኝ ነው።"

ኢንጂነሩ ሰፌዱን አየ። "ይሄስ ምንድን ነው?"

"በየቀኑ ከወጣው አፈር የሠራኋቸው ላሞች ናቸው። በቀን አንድ።"

"እዚህ ጋ ግን የሉም።"

"የሦስተኛው ቀን ላም ናት፤ አሸዋው እምቢ አለኝ። እነዚህ ደግሞ አምስተኛውና ስድስተኛው ናቸው። ቦታቸውን ጠብቄላቸው ነው።"

ኢንጂነሩ አለቆቹን አየ፤ አያ ሁሴንን አየ። ከዚያ የአንደኛውን ቀን የጻፈበትን ደብተር ዘግቶ ኪሱ ከተተው። "አባት፣ የመጀመሪያውን ቀን ረድፍ ይደርድሩልኝ። ከጻፍኩት ጋር ከገጠመ ቀሪውን አምናለሁ" አለ። አለቃው ሰዓቱን አይቶ "እስከ አሥራ አንድ ሰዓት" አለ።

አያ ሁሴን በእግራቸው ሕመም ተንበረከኩ። እኔ ቀዩዋን ላም ይዤ ከቀዩ ክምሮች ጋር አስተያያለሁ፤ እሳቸው ይቀምሳሉ። ከላይ ያለው የሣር ሥር አለበት፤ እየወረደ ሲሄድ ሥሩ ይጠፋል፤ ከዚያ ግራጫነት ይጀምረዋል። ረድፉ ሲያልቅ ኢንጂነሩ ደብተሩን ገለጠ። ጣቱን ከገጹ ወደ ሸራው፣ ከሸራው ወደ ገጹ አመላለሰ። "አንዷን ብቻ ነው የሳቱት" አለና ራሱም ተንበረከከ።

ከዚያ በኋላ ያን ቀን ሁሉም ሰው አፈር ቀመሰ፤ ፎርማኑም፣ አባቴም፣ በመጨረሻ ሰዓቱን ሲያይ የነበረው አለቃም። ላሞቹ የየቀኑን አፈር ይመራሉ፤ የፎርማኑ ጽሑፍ የየቀኑን ሜትር ይሰጣል፤ መሐል ያለውን የአያ ሁሴን ጥርስ ይለያል። ነጯ ላም ሆድ ላይ የቀንድ አውጣ ስባሪ ስናገኝ አያ ሁሴን "ባሕሯ ይቺ ናት" ብለው ለኢንጂነሩ አሳዩት፤ እሱም መነጽሩን አውልቆ እንደ ልጅ አያት። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሸራው ተመልሶ የተደባለቀ ዘር መሰለ፤ ለዓይኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አማረ። ኢንጂነሩ ሰፌዱ ላይ ያሉትን ባዶ ቦታዎች በእርሳሱ ጫፍ ነካ ነካ አደረጋቸው። "ወንፊቱን የምናስገባው እዚህና እዚህ ነው" አለ። "ላም በሌለበት።"

አለቃው አባቴን ሳያየው "ካፖርትህን ልበስ" አለው።

ውሃው ሲወጣ ቀኑ ረቡዕ ነበር። መጀመሪያ ቡናማ፣ ቀጥሎ ግራጫ ሆኖ ወጣ፤ እናቴ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ከዚያ ጠራ። አያ ሁሴን "ቢሻን፣ አልሐምዱሊላህ" ብለው በመዳፋቸው ቀዱና ለራሳቸው ሳይሆን ወደ እኔ አፍ አመጡት። "ጠጪ፤ የጠፉት ላሞችሽ ወተት ነው።" የከረመ ውሃ መሆኑን ረስቼ ጠጣሁት። ለብ ያለ ነበር፤ ትንሽ ብረት ብረት ይላል። ከዚያ ዓመት ወዲህ አባቴ ሰሊጥ አልሄደም። አባት በሙሉ ዓመት ምን እንደሚመስል ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው።

አያ ሁሴን ሁለት ክረምት ቆይተው አረፉ። ስንት ጉድጓድ ቆፍረው ስንቱን እንዳጠጡ እኔ አልቆጥርም። እኔን ግን ሳይስቁብኝ ሰሙኝ፤ ጥፋቴን በራሴ አፍ እንድናገር አደረጉኝ፤ አባቴን ቤቱ አስቀሩልኝ። በዚህ ዕድሜዬ ለሰው ደግ ነገር ባደረግኩ ቁጥር ግማሹን ለእሳቸው እቆጥርላቸዋለሁ።

ጎርፉ ካለፈ በኋላ ሚኒባሱ ተነሣ። ከሮቢት በእግሬ ወደ ፓምፑ ቤት ወረድኩ። አባቴ አርጅቷል፤ ካፖርቱ አሁን የባሰ ሰፍቶታል። ስሞ አልጠግብ አለኝ። ውስጥ ስገባ በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አምስቱ ላሞች ቆመዋል። አንዷ ቀንዷ ተሰብሯል፤ ቀዩዋ ተሰንጥቃለች። ተራቸው ግን እንዳለ ነው፤ ባዶዎቹም ቦታዎች እንዳሉ ናቸው። ከበሩ በኩል ላያቸው ጥቁሯ አያት ከሁሉም ፊት ቀድማለች።

"አምና ከቢሮ የመጣ አንድ ልጅ ሊያስተካክል ብሎ አጠጋግቷቸው ነበር" አለኝ አባቴ። "መልሼ ከፈትኩት።"

ያን ሁሉ ዓመት ያልጠየቅኩትን ጠየቅኩት። "አባዬ፣ ያን ቀን እኔ መሆኔን እያወቅክ ለምንድን ነው 'እኔ ነኝ' ያልከው?"

ጥያቄው የገረመው መሰለ። በጣቱ ከላሞቹ ጀርባ ላይ አቧራውን ጠረገ።

"መልክ መልክ አስይዢ ብዬ ያዘዝኩሽ እኔ አይደለሁም እንዴ?" አለኝ። "አንቺማ አሳምረሽ ነበር የሠራሽው።"